ሳል ትሯ

ታሞ ሐኪም ቤት ገብቶ ድኖ የወጣ ሰው ብዙ ታውቃላችሁ። ጤነኛ ሆኖ ገብቶ ታሞ ሊወጣ ለጥቂት የተረፈ ሰው ግን አላየን ካላችሁ፣ እነሆ እኔ አለሁ። ጥፋቱን በማን ላይ ላሳብብ ብዬ ብዙ አሰብኩ። ሐኪሙ የለበትም፣ ነርሷም የለባትም፣ እኔም ቢሆን ትንሽ ብቻ ነው ያለብኝ። ዋናዋ ጥፋተኛ አንዲት ባለ ሁለት ፊደል ቃል ናት።

ቃሏን ከመናገሬ በፊት ስለራሴ ትንሽ ላውራ፤ ሳልኮራ የማወራበት ቀን እስኪመጣ ብትጠብቁኝ ትሰለቻላችሁ። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ሰው ሁሉ "ለገሀር" የሚለውን እሱ አፉን አሹሎ "ላ ጋር" ይል ነበር። ቤታችን ውስጥ ፈረንሳይኛ እንደ ጨው ትንሽ ትንሽ ይነሰነስ ነበር፤ እኔም ጨው የቀመሰ ሁሉ ወጥ ሠሪ ይመስለኝ ነበር። እናም አሮጌው ባቡር ገና ይሠራ በነበረበት ጊዜ፣ አንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ሥራ አግኝቼ ጅቡቲ ስገባ፣ "ቋንቋውስ?" ብለው ለጠየቁኝ ሁሉ ትከሻዬን ነቅንቄ አልፋቸው ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ? "ቦንዡር"፣ "መርሲ" እና "ዊ" እችል ነበር። ከቁጥር ደግሞ እስከ ሦስት። እሱንም የተማርኩት በትምህርት ቤት እንዳይመስላችሁ። ጅቡቲ ሰፈሮቿን በቁጥር ነው የምትጠራው። መጀመሪያ ካርቲዬ አን ተከራየሁ፤ ከዚያ ካርቲዬ ዱ ገባሁ፤ ከዚያ አከራዬ ልጁን ሊድር ነው ተብሎ ካርቲዬ ትሯ ወረድኩ። ካርቲዬ አራት ቢያስወጡኝ ኖሮ አራትንም አውቅ ነበር። ደግ አከራይ ትምህርት ያቋርጣል።

ደግሞ ጅቡቲ ውስጥ ቋንቋ የሚያስቸግረው በረጃጅሙ ቃል አይደለም። ረጅሙን ቃል አለማወቅህን ወዲያው ታውቀዋለህ፤ ዝም ትላለህ። የሚያጠፋህ አጭሩ ነው፤ የምታውቀው ይመስልሃላ! ዓረቡን "ይሄ መንገድ ባሕሩ ጋ ያወጣል?" ብለው "ላ" ይለኛል፤ የለም ማለቱ ነው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪውን ብጠይቀው እሱም "ላ" ይለኛል፤ እዚያ ጋ ማለቱ ነው። ሶማሌው ዓሣ ሻጭ አንድ ነገር ሲለኝ ስላልሰማሁት "ሃ?" አልኩት። እኛ "ሃ?" ስንል ምን አልክ ማለታችን ነው፤ በእነሱ "ሃ" አዎ ነው። አንድ ዓሣ ጠቀለለ። ደንግጬ እንደገና "ሃ?" ብለው ሁለተኛውን ጨመረ። ሦስተኛውን ሳይጠቀልል አፌን በእጄ ይዤ ባልሮጥ ኖሮ ጀልባውን ይሸጥልኝ ነበር። ከዚህ መማር ነበረብኝ። አልተማርኩም።

አሁን ወደ ሐጂ ዩሱፍ ልምጣ። ሐጂ ዩሱፍ የሐረር ሰው ናቸው፤ አርባ ዓመት ጅቡቲ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ። ፈትሒያ የምትባል ልጅ አለቻቸው፤ ስለ ፈትሒያ ከዚህ በላይ ብጽፍ ወጉ ሌላ ወግ ይሆናል፤ ወድጃታለሁ፣ ወዳኛለች፣ ሽማግሌ ተልኳል፣ እሺ ተብሏል። ሐጂ ግን ሁለት ነገር ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ እኔ አቡጀዲ እንኳ በብርሃን ሳላይ አልገዛም። ሐኪም ደረትህን አይቶ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይስጥህ" አሉኝ። ይሄ አንደኛው ነው። ቀጠሉና "ፈረንሳይኛ ትችላለህ?" አሉኝ።

"ዊ!" አልኩ።

አንዲት "ዊ" ናት። ግን እንዴት እንዳልኳት ባያችሁ! ሐጂ በኔ ፊት ፈረንሳይኛ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ከሚስታቸው ጋር ሐረሪ፣ ከደንበኛ ጋር ሶማሊኛ፣ ከጅምላ ነጋዴ ጋር ዓረብኛ፣ ከኔ ጋር አማርኛ ነው የሚያወሩት። አራት ቋንቋ የሞላበት አፍ ለአምስተኛ ቦታ የለውም ብዬ ደምድሜ፣ የፈለግኩትን ያህል ብዋሽ የሚያውቅብኝ የለም አልኩ። ጭራሽ "እንደ ውሃ ነው የምጠጣው" ብዬ ጨመርኩ።

ኒካሑ ለዓርብ ተቆረጠ። እናቴና ሽማግሌዎቹ ሐሙስ በባቡር ሊገቡ ነው። እኔ ወረቀቱን ዛሬ ነገ እያልኩ ረቡዕ ደረሰ። ረቡዕ ማለት ደግሞ ሙሉ ቀን እንዳይመስላችሁ፤ ጅቡቲን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሰባት ሰዓት ላይ ጫት ከገባ በኋላ ማኅተም የሚመታ እጅ አይገኝም። ሐጂ "አብሬህ እሄዳለሁ" አሉ። ነፋሱ እንደ ምድጃ አፍ በሚተነፍስበት በሐምሌ፣ ከአንድ ቀን በፊት የተነሳሁትን የደረት ፎቶ በትልቅ ፖስታ ብብቴ ሥር ሸጉጬ፣ አማቼን ከጎኔ አድርጌ ክሊኒክ ገባሁ። ሐኪሙ ፎቶውን ያያል፣ ይፈርማል፣ ማኅተም ይመታል፣ በቃ።

ኮሪደሩ ላይ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ በሮቹ ላይ በፈረንጅ ፊደል ተጽፏል። ፊደሉን አንድ በአንድ ቆጥሬ አነበብኩ፤ "ሳሌ 1፣ ሳሌ 2፣ ሳሌ 3..." እያለ እስከ ሰባት ይሄዳል። "ማሻአላህ፣ ይሄ ዶክተር ሳሌሕ የሚባለው ሰባት ቢሮ አለው" አልኩ በልቤ። ሐጂን ወንበር ላይ አስቀምጬ ነርሷ ጠረጴዛ ጋ ቀረብኩ። ረጅም፣ መነጽር ያደረገች ሴት ናት። መጀመሪያ በሶማሊኛ አናገረችኝ። እዚያ ላይ ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ አማርኛ የሚችል ሰው ትጠራልኝ ነበር። እኔ ግን ሐጂ እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "ኖ ሶማሊ! ፍራንሴ!" አልኳት።

እሷም የጠየቅኳትን ሰጠችኝ። ወረቀቴን አየችና በአገጯ ወደ ኮሪደሩ አመልክታ፣ "ሳል ትሯ፣ ሙስዬ" አለችኝ።

ትሯን አውቃታለሁ፤ የምኖረው እሷ ውስጥ ነው። ሳልንም አውቃለሁ፤ ሳል ሳል ነው። ደረት ሊመረመር የመጣ ሰው ሦስት ጊዜ ሳል ቢባል ምን ይገርማል? እንዲያውም ነርሷ ትንሽ አማርኛ ለምዳ ለኔ ብላ የቀላቀለችልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። ቀጥ ብዬ ቆምኩና ሳልኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

ቀና ብላ አየችኝ። "ሳል ትሯ" አለች እንደገና፣ ጠንከር አድርጋ።

አልበቃትም ማለት ነው። የድሬ ልጅ አይታማም አቦ! ከእምብርቴ ስቤ ሦስት ጊዜ ለቀቅኩላት። ከጎኔ የነበረች እናት ልጇን አቅፋ ተነሳች። ነርሷ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች፣ ወረቀቴ ላይ የሆነ ነገር ጫረች፣ ከመሳቢያ የአፍ መሸፈኛ አውጥታ በሁለት ጣቷ ጫፍ ሰጠችኝና፣ "ሳል ሳንክ" አለችኝ።

ሳልህ ሳንካ አለው ማለቷ ነው! "ኖ! ኖ ሳንካ!" አልኩ ደረቴን እየደቃሁ። "ሳንክ፣ ሳንክ!" አለችና እንዲገባኝ አምስት ጣቷን ዘረጋችልኝ። አሃ! አምስት ጊዜ! ጣት መቼም በሁሉም ቋንቋ ጣት ነው። አምስት ጊዜ ሳልኩ፣ አንዱንም ሳልሰርቅ። ወንበሮቹ ባዶ ሆኑ። ሕዝቡ ግድግዳውን ታክኮ ቆመ።

ዞር ብዬ ሐጂን አየኋቸው። ትከሻቸው ላይ የነበረውን ፎጣ አፍና አፍንጫቸው ላይ ጭምቅ አድርገው ይዘዋል፤ ወንበር ቀይረው መጨረሻው ጥግ ሄደዋል። ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው፤ እሱም እንባ አቅርሯል፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ወይ ፈትሒያ! ሰውዬው ለልጃቸው እያለቀሱ ነው አልኩ።

ነርሷ ከሩቅ ሆና፣ ለመጨረሻ ጊዜ፣ "ሳል ሴት!" አለችኝ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። ማሰቤን ልብ በሉልኝ፤ ሳላስብ ያደረግኩት አይደለም። አማርኛችን ራሱ አንድ "ሳል" ብሎ ሦስት ሥራ ያዛል፤ ቢላውን ሳል፣ ሥዕል ሳል፣ ጉሮሮህን ሲበላህ ሳል። ሴት ሳል ማለቷ ቢሆንስ? ብዕሩን ከጠረጴዛዋ ላነሳ እጄን ዘርግቼ ነበር፤ ደግነቱ መለስኩት። ከዚያ ገባኝ። እስካሁን እንደ ወንድ እየሳልኩ ሰው አስደነገጥኩ፤ እንደ ሴት፣ በቀስታ ሳል ማለቷ ነው። እኔም አክስቴ እንግዳ ፊት የምታደርገውን አደረግኩ። አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ ጣቶቼን ከንፈሬ ላይ አሳርፌ፣ "እህ፣ እህ" አልኩ ሁለቴ።

ነርሷ ጓንት አጥልቃ እጅጌዬን ያዘችና ጎትታ ሰባተኛው በር ውስጥ ከተተችኝ። ሰዎቹ ሳልፍ ያዩኝ አስተያየት ቀብር የሚሸኝ ሰው አስተያየት ነበር።

ሐኪሙ ጠና ያሉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ፎቶውን መስኮት ላይ ዘርግተው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጥሩ ነው። ነርሷ የጫረችውን አነበቡና ፊታቸው ተቋጠረ። ማዳመጫውን ጀርባዬ ላይ አድርገው "ቱሴ" አሉኝ።

ዶክተር ሳሌሕ መሆናቸውን ከበሩ አውቄያለሁ፤ አሁን የአባታቸውን ስም መንገራቸው ነው። ዞሬ እጄን ዘረጋሁና የራሴን ስም ከነአባቴ ነገርኳቸው። እጄን ጨበጡኝ፤ ጨዋ ሰው ናቸው። እንደገና አዞሩኝና "ቱሴ!" አሉ። "ሰማሁ ዶክተር" አልኩ በአማርኛ። አስራ ሦስት ጊዜ ስል የነበርኩት ሰውዬ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም እውነተኛውን ሳል ቢለምነኝ ጸጥ ብዬ ቆምኩ። በመጨረሻ ጨነቃቸውና ሊያሳዩኝ ብለው እሳቸው ራሳቸው ጭብጣቸው ላይ ሁለቴ ሳሉ።

"አላህ ያሽርዎት" አልኳቸው ከልቤ።

ማዳመጫውን ከጆሯቸው አወረዱ። ነርሷን ጠሩ፤ ነርሷ እየቆጠረች መሰከረች። ሐጂም ተጠሩ። ሐኪሙ ለሐጂ በዓረብኛ ማስረዳት ጀመሩ፤ የሰፈር ዓረብኛዬ ግማሹን ያዘልኝ፤ ግማሹን ሐጂ፣ ፎጣቸውን አፋቸው ላይ እንዳደረጉ፣ በአማርኛ ጨረሱት።

"ልጄ፣ ሐኪሙ እንዲህ ይላሉ። ፎቶህ ንጹሕ ነው። ግን ነርሷ ፊት አስራ ሦስት ጊዜ ስለሃል፣ እሳቸው ፊት ግን ሳልህን ደበቅክ። የሚደብቅ ሰው ወረቀት አይሰጠውም። አክታ ሰጥተህ ሳምንት ትጠብቃለህ።"

ሳምንት! ነገ እናቴ ባቡር ላይ ናት፤ ዓርብ ኒካሕ ነው! ሳንባው አስጠርጥሮ ኒካሑ ተሰረዘ የተባለ ሰው ጅቡቲ ውስጥ ማን ልጁን ይድርለታል?

"ሳልና ፍቅር አይደበቅም ይባል ነበር" አሉ ሐጂ፣ ትክ ብለው እያዩኝ። "አንተ ምንህን ነው የደበቅከው?"

በሩ ክፍት ነበር። ነርሷ ወደ ቦታዋ ተመልሳ አንድ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ስታስተናግድ አየኋት። "ሳል ትሯ" አለቻቸው። እኔ ሦስቱን ሳል ጠበቅኩ። ሽማግሌው አልሳሉም። ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ፣ ቀስ ብለው ሄዱ፣ ሦስተኛውን በር ከፍተው ገቡ።

ዓይኔ የተከፈተው በር ላይ ወደተጻፈው ሄደ። ሳሌ 7። ሳሌ። ሳል። ክፍል! ክፍል ሦስት ግባ ነበር ያለችኝ! ስስልባት ወደ ክፍል አምስት ቀየረችኝ! ሴት የተባለችው ሰባት ናት! ላቤ ከፀጉሬ ሥር ተነስቶ እግሬ ድረስ ወረደ፤ ስለትም ተሳልኩ፤ መቼም ያን ቀን ያልተሳልኩት መሳል የለም።

አሁን ምን ልበል? "ጉንፋን ነበር፣ ለቀቀኝ" ብል ቋንቋዬ ይተርፋል፣ ኒካሑ ግን በሳምንት ይገፋል። እውነቱን ብናገር ሳንባዬ ይድናል፣ ግን "እንደ ውሃ ነው የምጠጣው" ያልኩት ፈረንሳይኛ ደረቅ መሆኑ ይታወቃል፤ ሐጂ ደግሞ ለዋሸ ሰው ልጅ አይሰጡም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለሰባት ሩብ ጉዳይ ይላል። የፈትሒያ ፊት መጣብኝ። እውነቴን ነው፣ በዚያች ደቂቃ ኩራቴ ከአንድ እስር ጫት በላይ ዋጋ አልነበረውም።

"ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። "ሳንባዬ ደህና ነው። የታመመው ፈረንሳይኛዬ ነው። አልችልም። ክፍል ሦስት ሂድ ስትለኝ ሦስት ጊዜ ሳል ያለችኝ መስሎኝ ነው።"

"አምስቱስ?"

"ጣቷን አይቼ።"

"እህ እህ ያልከውስ?"

"እሱን... እንደ ሴት ሳል ያለችኝ መስሎኝ።"

ፎጣው ከሐጂ አፍ ወደቀ። ሲያለቅሱ አልነበረም ለካ! ሰውዬው ጠረጴዛውን ተደግፈው፣ ኮፊያቸው ተንሸራቶ፣ ድምፅ አጥተው ይስቃሉ። ትንፋሻቸውን ሲያገኙ ወደ ሐኪሙ ዞረው ነገሩን አስረዷቸው። በፈረንሳይኛ! ያውም እንደ አባቴ አንዳንድ ፉርጎ ሳይሆን ከነሙሉ ባቡሩ፣ ያለ ማቆሚያ። ሐኪሙ መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ፤ ሳቁ ሳቁና ትን ብሏቸው የምር ሳሉ።

"አላህ ያሽርዎት" አልኩ አሁንም። ወደ አማቼም ዞርኩ።

"ሐጂ፣ ፈረንሳይኛ ይችላሉ እንዴ?"

"አርባ ዓመት እዚህ ነግጄ ፈረንሳይኛ ባልችል ጨርቁን በጥቅሻ ልሸጥ ነበር?"

"ታዲያ እንደዚያ ስዋረድ ለምን ዝም አሉኝ?"

ሐጂ ዓይናቸውን በፎጣው ጠረጉ። "ሳንባህን የሚመረምር ሐኪም አለ" አሉ። "እኔ የመጣሁት ምላስህን ልመረምር ነው። 'ዊ' ያልከኝ ቀን ነው የጠረጠርኩት። ጉንፋን ነበር ብለህ ብትሸፍነው ኖሮ ነገ እናትህን ጣቢያ ተቀብዬ፣ ምሳ አብልቼ፣ በመጣችበት እመልሳት ነበር።"

ውጭ የጫት መኪኖቹ ጥሩንባ ሲጀምር ሐኪሙ ማኅተሙን አነሱ። ጧ! ብዙ ዘፈን ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ድምፅ ደስ ያለኝ የለም። ከአንገቴ ላይ ድንጋይ የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። ስወጣ ለነርሷ በእጄ ወደ በሮቹ እያመለከትኩ "ሳል፣ ሳል፣ ሳል" ብዬ እንደገባኝ ላሳያት ብሞክር ሌላ የአፍ መሸፈኛ ልትሰጠኝ መሳቢያዋን ከፈተች። ሐጂ ገፍተው አስወጡኝ። መንገድ ላይ "ከሁለት አንዱን" አሉኝ፤ "ወይ ከፈትሒያ ፈረንሳይኛ ተማር፣ ወይ ዝምታ ተማር።"

ዓርብ ቤቱ ሞላ። እናቴ ከሴቶቹ ጋር ውስጥ ናት፤ ሽማግሌዎቹ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ እኔ አዲስ ኮፊያዬን ደፍቼ ከመሃላቸው ቁጭ ብያለሁ። ቃዲው ወደ ሐጂ ዩሱፍ ዞረው፣ "ልጅዎን ፈትሒያን ለዚህ ሰው ሰጥተዋል?" ብለው ጠየቁ።

ሐጂ መጀመሪያ እኔን አዩኝ። ከዚያ ጭብጣቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳሉ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከመጋረጃው ወዲያ የፈትሒያ ሳቅ አመለጣት። ቃዲው "አላህ ያሽርዎት፣ ውሃ ይምጣ" አሉ። እኔ ግን ውሃ እንደማያስፈልግ አውቄያለሁ፤ በዚያች ከተማ ከሰማሁት ሁሉ ያለ አስተርጓሚ የገባኝ ያ ሳል ነበር። "ግባ" ማለታቸው ነው።